ሒሳብን አንደኛ ላይ ጻፊው

ሦስተኛ ላይ አወረድሽው? ቆይ እሙዬ፣ የምርጫ ቅጹን ገና እንዳትልኪው። ሜዲሲን አንደኛ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ፣ ሒሳብ ሦስተኛ። በዚህ ውጤትሽ አንደኛውን እንደምታገኚ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ሒሳብን ሦስተኛ ላይ ጻፍሽው ማለት ተውሽው ማለት ነው። እስኪ ጠጋ በይልኝ።

አባዬ ትናንት ማታ «ሒሳብ ተምራ ምን ልትሆን ነው? አስተማሪ?» ሲል ዝም አልሽ። አስተማሪ መሆን በራሱ ትልቅ መልስ ነው፤ እሱን እንዳትንቂ። አባዬን የሚያስፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። የሒሳብ ሰው አራት ኪሎ አንድ ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዘ ያረጃል፣ አገርም ሰፈርም አያውቀውም ብሎ ያስባል። አንቺም በልብሽ የምትፈሪው ይህንኑ ነው፤ ሐኪም ብሆን ቢያንስ ሰው እረዳለሁ ትያለሽ። እኔ ደግሞ የምልሽ እንዲህ ነው፦ ሒሳብን አጥብቆ የተማረ ሰው ምርምሩንም፣ የመንግሥትን ውሳኔም፣ የሰፈሩን ሥራም በአንድ ዕድሜ ሊይዝ ይችላል። ሦስቱንም የሚያስይዘው ማረጋገጥን መልመዱ ነው። ምን እንደሚቻልና ምን እንደማይቻል አረጋግጦ የሚናገር ሰው ሦስቱም ቦታ ይፈለጋል።

ጄላኒ ኔልሰን የሚባል ሰው አለ፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገርሽ። በ1984 ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ያደገው ካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው ሴንት ቶማስ ደሴት ነው። ኤም አይ ቲ ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ ተማረ፤ በ2011 እዚያው ዶክትሬቱን ያዘ፤ ሃርቫርድ አስተማረ፤ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በርክሌይ ነው።

የሚመራመርበትን ነገር እዚሁ በሰፈራችን ላሳይሽ። ኅዳር 12 የካ ሚካኤል ሲነግሥ ሕዝቡን ታውቂዋለሽ። አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ ቢቆጥር የሚያገኘው ቁጥር አያስተማምንም። ሌሊት ለማሕሌት የገባችው እናት ቤቷ ደርሳ ለቅዳሴ ትመለሳለች፤ ታቦቱ ሲወጣም ደግማ ትመጣለች። ስንት ጊዜ ተገባ ሳይሆን ስንት የተለያየ ሰው መጣ የሚለውን ለማወቅ የሁሉንም ስም መጻፍ ግድ ነው ትዪኛለሽ። ስሙን ሁሉ የማይዝ ብጣሽ ወረቀት ብቻ ቢኖርሽስ?

ፊሊፕ ፍላጆሌ የሚባል ፈረንሳዊ ከናይጀል ማርቲን ጋር በ1980ዎቹ ለዚህ ድንቅ መንገድ አገኘ። ከእያንዳንዱ ሰው ስም፣ በማይለወጥ ሕግ፣ ሳንቲም ተወርውሮ የወጣ የሚመስል የዘውድና የጎፈር ድርድር ታወጪያለሽ። ያው ሰው አሥር ጊዜ ቢመላለስ የሚወጣው ያው ድርድር ስለሆነ መመላለሱ ምንም አይጨምርም። አንቺ በወረቀትሽ የምትይዢው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከድርድሩ መጀመሪያ ላይ በተከታታይ ከወጡት ዘውዶች ትልቁን ብዛት። አሥር ዘውድ በተከታታይ የሚወጣለት ከ1,024 ሰው በአማካይ አንዱ ነው። ስለዚህ የያዝሽው ቁጥር አሥር ከሆነ የመጣው ሰው አንድ ሺህ ገደማ ነው ማለት ነው። በአንድ ሕግ ብቻ የተገኘ ቁጥር ብዙ ሊስት ስለሚችል በተለያዩ ሕጎች ብዙ ጊዜ ሠርቶ አማካዩን መውሰድ ያስፈልጋል። ኔልሰን ከዳንኤል ኬንና ከዴቪድ ውድረፍ ጋር በ2010 ያቀረቡት ዘዴ ይህንኑ ጥያቄ በመጨረሻው ትንሽ ቦታ የሚመልስ ነው፤ በመሠረቱ ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም።

እዚህ ላይ ቆም በዪልኝ። ጥሩ ዘዴ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሊገኝ አይችልም ብሎ ማረጋገጥ ደግሞ ሌላ። በ1984 ጆንሰንና ሊንደንስትራውስ የሚባሉ ሁለት የሒሳብ ሰዎች በጣም ብዙ አቅጣጫ ባለው ቦታ ላይ የተበተኑ ነጥቦችን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙም ሳይዛባ፣ አቅጣጫው በጣም ጥቂት ወደሆነ ቦታ ማውረድ እንደሚቻል አሳዩ። ኮምፒውተር ግዙፍ መረጃ የሚያጣራበት ብዙ ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው። የበለጠስ ማውረድ ይቻል ይሆን የሚለው ጥያቄ ግን ሙሉ መልስ ሳያገኝ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ። በ2017 ኔልሰንና ዴንማርካዊው ካስፐር ግሪን ላርሰን አይቻልም ብለው አረጋገጡ።

እኔ የምሠራው ሪፖርትና ዕቅድ በሚዘጋጅበት ቢሮ ነው። ይቻላል የሚል ሰው በየስብሰባው ሞልቷል። «ይህ መንገድ ከዚህ አያልፍም፣ ምክንያቱም ይኸው» ብሎ በእርጋታ የሚያሳይ ሰው ግን በጣም እንፈልጋለን፣ እናጣለንም። ያንን ሰው የሚያሠለጥነው ብዙዎች የሚንቁት የማረጋገጥ ትምህርት ነው።

ማረጋገጥ የፈረንጅ ነገር እንዳይመስልሽ። የሚካኤል ቄሶች በእንቁጣጣሽ የዓመቱን ወንጌላዊና የአጽዋማቱን ቀን ሲያውጁ እየሰማሽ ነው ያደግሽው። ለዚያ ስሌት ከሚወጡት ቁጥሮች ሁለቱ፣ መጥቅዕና አበቅቴ፣ ሲደመሩ 30 ናቸው ይባላል። ለምን እንደሆነ አስበሽው ታውቂያለሽ? አበቅቴ ወንበሩ፣ ማለት ለዓመቱ የሚወጣው መነሻ ቁጥር፣ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ነው፤ መጥቅዕ ደግሞ ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው፤ ምንም ካልተረፈ 30 ይባላል። 11 እና 19 ሲደመሩ 30፤ ስለዚህ የሁለቱ ብዜት ድምር ወንበሩ የፈለገውን ያህል ቢሆን ለ30 ያለ ትርፍ ይካፈላል። አለቀ። ዓመት በዓመት እያሰላ የሞከረ ሰው እስካሁን ሠርቷል ሊል ይችላል፤ ይህችን ሁለት መስመር ያየ ሰው ግን ሁልጊዜ እንደሚሠራ ያውቃል። ያ ሒሳብ ደግሞ ለማን ተሠራ? መቼ እንደሚጾም፣ መቼ እንደሚፈስክ ማወቅ ለሚፈልገው ሕዝብ። የእኛ ሊቃውንት ስሌቱንና አደባባዩን ለይተው አያውቁም ነበር።

ወደ ኔልሰን ልመለስ። በ2021 ካሊፎርኒያ አዲስ የሒሳብ ትምህርት መመሪያ ረቂቅ ስታወጣ፣ ዳታ ሳይንስ የሚል ኮርስ የሁለተኛ ደረጃውን ከፍተኛ አልጀብራ ቢተካስ የሚል ሐሳብ ትልቅ ክርክር አስነሣ። ሐሳቡ በቅንነት የመጣ ነው፤ ጥቁሮችና የድሃ ልጆች በአልጀብራ ምክንያት እየወደቁ ነውና መንገዱን እናቅልልላቸው የሚል። ኔልሰን ራሱ ጥቁር ሆኖ፣ ራሱም የመረጃ ሒሳብ ተመራማሪ ሆኖ ተቃወመ። አልጀብራውን ያልያዘ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዳታ ሳይንስን ራሱን መማር ይቸግረዋል፤ ያንን ቀላል ኮርስ ወስደው ከሳይንስ ትምህርት የሚቀሩት ደግሞ እነዚያው ልንረዳቸው ያልናቸው ልጆች ናቸው ብሎ ተከራከረ። ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀውን ግልጽ ደብዳቤ ከአንድ ሺህ በላይ የሳይንስና የሒሳብ ባለሙያዎች ፈረሙበት። በ2023 አጋማሽ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ መስፈርት የሚያወጣው የመምህራን ቦርድ እነዚያን ኮርሶች በአልጀብራ ምትክ መቀበሉን አቆመ። በቲቪ ስለታወቀ ወይም ስለጮኸ የተሰማ እንዳይመስልሽ። አልጀብራው የቱ ጋ እንደሚያስፈልግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ነው።

እኛ አገር ይህ ክርክር የለም ብለሽ እንዳታልፊው። ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ነበሩ። ስንት ሺህ ልጅ እንደቀረ አስቢው፤ ከእኛ መንደር እንኳ የምታውቂያቸው አሉ። ይህን ቁጥር የሰማ ሁሉ ይናደዳል፤ ማዘኑም ተገቢ ነው። የሒሳብ ሰው ግን ከዚያ አልፎ ይጠይቃል። 12ኛ ላይ የታየው ጉድለት የተጀመረው 4ኛ ክፍል ክፍልፋይ ላይ ከሆነ፣ 12ኛ ላይ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ውጤቱን ስንት ከፍ ሊያደርግ ይችላል? ከስንት በላይስ አይችልም? ይህን ሳናውቅ ማጠናከሪያ ላይ ብቻ ገንዘብ ብናፈስ ከርሞም ያው ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የምትጠይቂው አንቺ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ።

የሕዝብ ቆጠራውንም ተመልከቺ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 73.7 ሚሊዮን ነበርን። ቀጣዩ ተደጋግሞ ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም.ም ፓርላማው እንደገና አራዘመው። ስለዚህ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ስንት ነው ብትዪ የሚሰጥሽ ግምት ነው። ግምት ነውር የለበትም፤ በጥሩ ናሙና የተሠራ ግምት ከተዝረከረከ ቆጠራ ይሻላል። የሚያስፈራኝ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ሳይነገር በጀት ሲደለደልበት ነው። ቁጥሩን ከነስህተቱ መጠን ጠረጴዛ ላይ የሚያኖር ሰው ብዙ አይወደድም፤ ክፍል ሳይጠባቸው የሚማሩት ልጆች ግን በእሱ ሥራ ነው የሚማሩት።

አሁን ደግሞ የሴት ምሳሌ ልስጥሽ። ረድኤት አበበ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሃርቫርድ ሒሳብ ተማረች፤ ካምብሪጅ ሄዳ ያንኑ ሒሳብ አጠነከረች፤ ከዚያ በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቷን ያዘች። በዚያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ ዶክትሬት የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ፤ ሒሳቡ ነው የቀደመው።

ከመረመረቻቸው ጥያቄዎች አንዱ እኔን ሌሊት ሁሉ ያሳሰበኝ ነው። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ዛሬ ደህና ናቸው፣ ነገ ግን በሽታ ወይም የቤት ኪራይ ጭማሪ ሲመጣባቸው ይወድቃሉ። ለእርዳታ ያለው ገንዘብ ውስን ነው። ለማን ይሰጥ? ረድኤት ከአማካሪዋ ከጆን ክላይንበርግና ከማቲው ዋይንበርግ ጋር ሁለት ግቦችን መረመሩ። አንዱ በጠቅላላው የሚወድቁትን ቤተሰቦች ቁጥር ማሳነስ ነው፤ ሌላው ከሁሉ የባሰ አደጋ ላይ ያለውን ቤተሰብ ማዳን። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ገንዘቡን ግን ወደ ተለያየ ቤት ሊልኩት ይችላሉ።

ይህን ከኛ ወረዳ ጋር አገናኚው። የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ሲመለመሉ ሰፈሩ እንዴት እንደሚጨቃጨቅ አይተሻል። እንጀራ እየሸጠች ሦስት ልጅ የምታሳድገው እናት ዛሬ ገቢ አላት፤ ምጣዷ የተበላሸ ቀን ግን ምንም የላትም። ከሷ በታች ያሉት አዛውንት ደግሞ ዛሬም ምንም የላቸውም። ሒሳቡ ለማን ይገባል ብሎ አይፈርድልሽም። የትኛውን ግብ ስትመርጪ ማን እንደሚቀር ግን ገልጦ ያሳይሻል፤ ኮሚቴውም ምን እንደወሰነ አውቆ ይወስናል። ረድኤት በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋማት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አማካሪ ቡድን ውስጥ ገብታ የሠራችው፣ በ54ቱ የአፍሪካ አገሮች ሰዎች ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ወባና ስለ ሳንባ ነቀርሳ ኢንተርኔት ላይ ምን እንደሚጠይቁ ያጠናችው በዚሁ ዓይን ነው። አባዬ ሰው መርዳት የሚለው ይህም ውስጥ አለ፤ ንገሪው።

ሰፈር ያልኩሽስ? ኔልሰን ዶክትሬቱን በያዘበት በ2011 አዲስ አበባ መጥቶ አዲስ ኮደርን መሠረተ። በሒሳብ ጎበዝ የሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በክረምት ተሰብስበው ለአራት ሳምንት ያህል ፕሮግራሚንግና አልጎሪዝም በነፃ ይማራሉ። ከ500 በላይ ልጆች አልፈውበታል፤ ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ የገቡም አሉበት። እኔን የሚያስደስተኝ የገቡበት ትምህርት ቤት ስም አይደለም። ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ ልጅ ሳይቀር እውነተኛውን አልጎሪዝም ማስተማሩ ነው። ልጆች ናቸው፣ ድሃ ናቸው ብሎ አላቀለለባቸውም። ካሊፎርኒያ ላይ የተከራከረውና አዲስ አበባ ላይ ያስተማረው አንድ እምነት ነው።

እንጦጦንም ቀና ብለሽ እዪው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት የመሠረቱት ጉዳዩ ያንገበገባቸው ሰዎች ናቸው፤ ደሃ አገር ኮከብ ምን ያደርግላታል የሚሉትን ታግሠው። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። መንግሥት የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን ያቋቋመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማኅበሩ 12 ዓመት ቀድሞታል። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ከቻይና የመጠቀችው ኢቲ አር ኤስ ኤስ 1 ሳተላይት መቆጣጠሪያዋ እዚሁ ተራራ ላይ ሆነ። በዚያው ወር ደግሞ ኤችዲ 16175 ይባል የነበረው ኮከብ ቡና፣ የሚዞረው ፕላኔት አቦል ተብለው ከኢትዮጵያ በቀረበው ስም ዓለም አቀፍ እውቅና አገኙ። ደስ አይልም? ግን ጠይቂ፤ ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ልጆች በዚያ ቴሌስኮፕ አንድ ቀን አይተው ያውቃሉ? እነሱን ይዞ መውጣት ያንቺ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ማንንም ሳትጠብቂ።

ገንዘቡንም አልደብቅሽም። የመምህር ደመወዝ የካ ላይ ቤት ተከራይቶ ለመኖር ይፈትናል፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይከብዳሉ። ስለዚህ ከሒሳቡ ጎን ፓይተን ተማሪ፤ ስታቲስቲክስ እንደ ተጨማሪ ኮርስ ሳይሆን እንደ ሁለተኛ እጅ ያዢው። ባንክም፣ ኢንሹራንስም፣ ቴሌም፣ የጤና ምርምርም እነዚህን ሁለት የያዘ የሒሳብ ሰው ይፈልጋሉ። ሪል አናሊሲስ የሚባለውን ኮርስ ስትጀምሪ ግን አታቋርጪ። እስከዛሬ መልስ በማግኘት ነበር የምትመሰገኚው፤ እዚያ መልሱን እያወቅሽው ለምን እውነት እንደሆነ መጻፍ ያቅትሻል። ሴት ተማሪ ክፍሉ ውስጥ አንቺ ብቻ ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ያኔ ፊት ተቀመጪ፣ ያልገባሽን ጮክ ብለሽ ጠይቂ። ስብሰባ ስትገቢ ደግሞ ለታላቆችሽ አክብሮትሽን ስጪ፣ ቁጥሩን ግን አታጎንብሺው። «ክቡር ሆይ፣ ይህ የመቶኛ ድምር ከ100 ይበልጣል» ማለት ድፍረት አይደለም።

ለሰፈሩ የሚጠቅም ሥራ ለመጀመር ዶክትሬት እስክትይዢ ድረስም አትጠብቂ። ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ ቀበናን በአንድ ከሰዓት እንደሚያስቆጣው አይተሻል። ዳገቱ ላይ የጣለውና ሾላ ላይ የጣለው አንድ አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚለያይ በመንደር ደረጃ ብናውቀው ወንዙ ዳር ለሚኖሩት ይጠቅማል። በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መምህር ለመሆን የሚማሩ ጓደኞችሽን አስተባብሪ፤ ከየትምህርት ቤቱ ልጆች ይምረጡ። ዝናቡን ለመለካት ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳና ማስመሪያ ይበቃል፤ ጣሳው ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ወርዷል ማለት ነው። ጣሳው ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ ይበል፤ ሁሉም በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያንብቡ፤ አንብበው ይድፉት። ዝናብ ባልጣለበት ቀን ዜሮ ይጻፉ፤ ልጁ ረስቶት ያላነበበበትን ቀን ደግሞ ባዶ ይተዉት እንጂ ዜሮ አይጻፉበት። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ክረምቱን ሙሉ የለፉበት መዝገብ ለሜትሮሎጂም ለወረዳም የማይታመን ይሆናል። መዝገቡን እየዞርሽ በየሳምንቱ እዪላቸው፤ ቁጥሩ እንግዳ ከሆነ ልጁን ሳትቆጪ ጣሳውን ሄደሽ እዪው። ሰኔ ሳይገባ እንጀምረው። የመጀመሪያዎቹን ጣሳዎችና ማስመሪያዎች እኔ እገዛለሁ።